የማታው ክኒን

ደምሴ ታናሽ ወንድሙን ሲደበድብ የመታው ከአንገት በላይ ብቻ ነበር። ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከሐረር ግንብ ውጭ ባለው የብየዳ ቤቱ ደጃፍ የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ሁሉ ይህን አስተውለዋል። በግራ እጁ የሀብተወልድን ሸሚዝ አንገቱ ላይ ጨምድዶ ይዞ፣ በቀኙ አፉን፣ ጉንጩን፣ ዓይኑን ይለዋል። ጎኑን ግን አልነካውም። አንድ ጊዜ በእርግጫ ሊለው እግሩን አነሳና መልሶ አወረደው። ከሀብተወልድ ሆድ በስተቀኝ፣ ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ፣ ያለችው ኩላሊት የራሱ የደምሴ ነበረች።

"ገደልካት" እያለ ነው የሚመታው። "ከሆዴ አውጥቼ ሰጠሁህ። በገዛ እጅህ ገደልካት።"

ሀብተወልድ እጁን አላነሳም። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ አገጩ ላይ ይወርዳል። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ጋሼ፣ ስማኝ።" ደምሴ አልሰማውም። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ ሲታመምም ሁለት ጊዜ ሳያስብ አዲስ አበባ ሄዶ ከጎኑ የተኛው እሱ ነው። አሁን ያ ሁሉ ዓመት ወደ ቡጢው ወርዶ ነበር።

ነርሷ ገሊላ ከባጃጅ ዘላ ወርዳ ሰዎቹን እየገፋች ገባች። የሆስፒታል ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። የደምሴን ክንድ በሁለት እጇ ያዘች።

"ጋሽ ደምሴ፣ ተው። በእግዚአብሔር ተው።"

ሊያራግፋት ሲወናጨፍ ሸሚዙ ከእጁ አመለጠው። ሀብተወልድ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ፣ ብየዳው ያላለቀ የብረት በር ጠርዝ ላይ በቀኝ ጎኑ ወደቀ። ድምፅ አላሰማም። ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ ተጠቀለለ።

ደምሴ ቡጢው በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ተንበረከከና መዳፉን የወንድሙ ሆድ ላይ አደረገ። "ነካት?" አለ በቀጭን ድምፅ። "ንገረኝ እንጂ፣ ነካት ወይ?"

ገሊላ የሀብተወልድን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ደሙን በጋውኗ ትጠርጋለች። የመታው ደምሴ መሆኑን አገር አይቷል። ያንን ቡጢ ያስነሳው ማን እንደሆነ ግን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ እፍረቱም ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ለብቻዋ አቃጠላት።

*

ገሊላ ጌታቸው በሆስፒታሉ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ክትትል ክፍል ውስጥ የጥናት ነርስ ናት። የጥናቱ መሪ ዶክተር መቅደስ መልስ የምትፈልግለት ጥያቄ አንድ ነበር። ኩላሊት ተተክሎላቸው ወደ ሐረር የሚመለሱ ሰዎች፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያችን ኩላሊት ለምን ያጧታል? መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ በሰዓቱ እንዲወስዱ ብናግዛቸውስ ይተርፋሉ? ለአርባ አንድ ሰዎች ሲከፈት ሰዓቱን የሚመዘግብ የመድኃኒት ሳጥን ታደለ። መድኃኒቱን ጥናቱ ይሰጣቸዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ ደማቸው ይመረመራል፤ በየሳምንቱ ነርስ ትደውልላቸዋለች።

የምትደውለው ገሊላ ናት። ከወረቀት ላይ የምታነባቸው ሰባት ጥያቄዎች አሏት። ሀብተወልድ ጋ የመጀመሪያ ቀን ስትደውል፣ "ባለፉት ሰባት ቀናት መድኃኒትዎን ሳይወስዱ የቀሩበት ጊዜ አለ?" ብላ ጀመረች። የለም አላት። ስድስቱን እንዲሁ አለፉ። "ለጥናቱ የሚሰጡት ተጨማሪ አስተያየት አለ?" ስትለው፣

"አለ" አለ። "ድምፅሽን ጉንፋን ይዞታል። ዝንጅብል ጠጪበት።"

"የለም" ብላ ጻፈች። ቀኑን ሙሉ ግን ፈገግታዋን መመለስ አቃታት።

ሀብተወልድ ፈረስ መጋላ አካባቢ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ፣ የባጃጅ መስታወት ላይ ስም የሚስል ሰው ነው። ሰላሳ ዓመቱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የአሥር ደቂቃው ስልክ ሃያ፣ ከዚያ አርባ ደቂቃ ሆነ። ስለሚጽፈው ነገር ይነግራታል፤ እሷ ስለ ቤታቸው ትነግረዋለች። አባቷ አቶ ጌታቸው ከደብረ ማርቆስ ተመድበው መጥተው ሐረር ላይ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ለልጃቸው ያሰቡት ባል የሕግ ሰው ወይም ሐኪም ነው። ያ ብቻ አይደለም። ገሊላ ከጥናቱ ተሳታፊ ጋር ከሥራ ውጭ ምንም ዓይነት ግንኙነት እንደማይኖራት ፈርማለች።

በአምስተኛው ወር ለምርመራ ሲመጣ፣ ከሞላው መጠይቅ መሀል የታጠፈ ወረቀት አስቀምጦላት ሄደ።

"ገሊላ፣ ጥናቱ በመስከረም ያልቃል። እስከዚያ አንድ ቃል አትመልሺልኝ፤ በእኔ ምክንያት ሥራሽን እንድታጪ አልፈልግም። እኔ የሌላ ሰው ኩላሊት ተሸክሜ የምኖር፣ ነገዬን የማላውቅ ሰው ነኝ። ሰው ለማፍቀር መብት የለኝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ሐሙስ ሲደርስ ግን መብት እንደሌለኝ እረሳና እንደ ጤነኛ ሰው እጠብቅሻለሁ። በመስከረም ጥያቄሽ ሲያልቅ፣ የእኔን አንድ ጥያቄ ትሰሚኛለሽ?"

አልመለሰችለትም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ደሙን ስትቀዳ ቀና ብላ አየችው። ያ አስተያየት ለሁለቱም መልስ ነበር።

በሚያዝያ የሀብተወልድ ደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን መውረድ ጀመረ። ከስምንት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ሦስት። ሳጥኑ ግን በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት እንደተከፈተ ይናገራል። ገሊላ ደንቡን ጥሳ ፈረስ መጋላ አንድ ሻይ ቤት ጠራችው።

"እየወሰድክ ነው?" አለችው ገና ሳይቀመጥ።

"ሳጥኑን አይተሽዋል።"

"ሳጥኑን አልጠየቅሁም። አንተን ነው።"

ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። "እወስዳለሁ።"

መዋሸቱን አወቀች። እስከዛሬ ዋሽቷት አያውቅም ብላ ታምን ስለነበር፣ ከዚህ በፊት የነገራት ሁሉ አብሮ ተናደባት። "ያንን ደብዳቤ ስትጽፍልኝም እንዲህ ነበር?" አለችው።

"ገሊላ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እመኚኝ።"

"ምኑን ነው የማምንህ? መሞት ከፈለግህ እኔን ለምን ታስጠብቀኛለህ?"

ተነስታ ሄደች። ማክሰኞ ጠዋት የመጣው ውጤት ሁለት ነበር፤ ኩላሊቷም መድከም ጀምራለች። ዶክተር መቅደስ ለስብሰባ አዲስ አበባ ነበረች። ገሊላ ለእሷ ደውላ መጠበቅ ነበረባት። የታካሚን ምስጢር ለማንም አለመናገር የመጀመሪያው ትምህርቷ ነው። ፍርሃቱና ንዴቱ ተደባልቀው ግን እጇ የደምሴን ቁጥር መረጠ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ከአንተ ሌላ የሚሰማው የለም" አለችው። "መድኃኒቱን እየወሰደ አይደለም። ኩላሊቷ እየሞተች ነው።"

ደምሴ "እሺ ሲስተር" አለ በጣም በተረጋጋ ድምፅ። ጋውኗን ሳታወልቅ ባጃጅ ውስጥ ያስገባት ያ መረጋጋት ነው።

*

በአልትራሳውንድ ሲታይ ውድቀቱ ኩላሊቷን አልሰነጠቃትም። ክፋቱ ሌላ ነበር። መድኃኒቱ ስላነሰው የሀብተወልድ ሰውነት ኩላሊቷን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ማጥቃት ጀምሯል። ከማክሰኞ ከሰዓት ጀምሮ የሽንት ቱቦው ደርቆ ቀረ። ለሦስት ቀን በደም ሥሩ ኃይለኛ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ካልሠራ ወደ ኩላሊት እጥበት ይመለሳል።

ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተከድኗል። ከንፈሩ አምስት ቦታ ተሰፍቷል። ገሊላ አልጋው አጠገብ ስትቆም በተከፈተው ዓይኑ አያት።

"ማን ነገረው?"

ውሸት ልትናገር ትችል ነበር። ላብራቶሪው፣ ሌላ ነርስ፣ ማንም።

"እኔ" አለች።

ሀብተወልድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንድም ቃል አልወቀሳትም። ገሊላ ቢሰድባት፣ ቢጮህባት በወደደች። ጀርባውን እያየች ስትቆም፣ ያ ሁሉ ሐሙስ ከእጇ ሾልኮ የወደቀ መሰላት።

*

ረቡዕ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ ሃምሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ቀጭን ሰው ወደ ገሊላ ክፍል ገቡ። አቶ አሕመድ ይባላሉ፤ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ናቸው። እሳቸውም ኩላሊት ተተክሎላቸዋል። የጥናቱ ቁጥር ከሞላ በኋላ ስለተመዘገቡ ግን አልገቡበትም። ከኪሳቸው የወረቀት ጥቅልል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ስድስት ክኒኖች ነበሩ።

"የልጁ ናቸው" አሉ። "ወላሂ ሲስተር፣ እኔ አልለመንኩትም።"

በመጋቢት የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ለሦስተኛ ጊዜ "ከአዲስ አበባ አልመጣም" ብሎ ሲመልሳቸው ሀብተወልድ የጥናቱን መድኃኒት ሊወስድ ከኋላቸው ተሰልፎ ነበር። በማግስቱ ሱሪ ላሳጥር ብሎ ሱቃቸው መጣ። የስፌት መኪናው ላይ አንድ ክኒን አስቀመጠ። "የጠዋቱ የእኔ፣ የማታው የእርስዎ" አላቸው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሳጥኑን ይከፍታል፤ ያወጣውን ክኒን ግን አይውጠውም።

"ለሲስተር ንገራት አልኩት" አሉ አቶ አሕመድ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ብነግራት ወይ ትደብቅልኛለች ወይ ትናገራለች አለኝ። ብትደብቅ ሥራዋን ታጣለች፣ ብትናገር እኔና እርስዎ መድኃኒቱን እናጣለን አለ። በወሩ መጨረሻ ይመጣል እያለን፣ ወሩ እያለቀ ሌላ ወር እየገባ... እኔ አራት ልጆች አሉኝ ሲስተር። አላህ ይየኝ፣ እንቢ ማለት አቃተኝ።"

ገሊላ ስድስቱን ክኒኖች አንድ በአንድ ቆጠረች። ሻይ ቤቱ ውስጥ ዓይኑን ወደ መንገዱ የመለሰበትን ምክንያት አሁን አወቀች። ዋሽቷታል፤ የዋሸው ግን ሁለት ሰዎችን ሊያተርፍ ነው፤ አንደኛዋ እሷ ናት።

"ይሂዱ አቶ አሕመድ" አለች በመጨረሻ። "ለዶክተር ደውዬ የእርስዎን መድኃኒት ዛሬውኑ እናስፈልጋለን።"

ሲወጡ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከበሩ ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰው ተነስቶ በረጅም እርምጃ ወደ ግቢው በር ሲሄድ አየች። ደምሴ ነበር። የወንድሙ ደም እጅጌው ላይ ደርቋል። ከትናንት ጀምሮ ከዚያ ወንበር አልተነሳም ነበር።

ስልኩን ትታ ተከትላው ወጣች። ግቢው በር ስትደርስ በባጃጅ ሄዷል።

*

መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ አያቋርጥም። ገሊላ ከላይ ሆና ስትሮጥ ግን ከታች በኩል ድምፁ አንድ በአንድ እየጠፋ ዝምታው ወደ እሷ መጣ።

ደምሴ ከብየዳ ቤቱ ፌሮ ብረት ይዞ መጥቶ ነበር። መጀመሪያ የመታው የስፌት መኪናውን ነው። መኪናው ከነጠረጴዛው ተገልብጦ ድንጋዩ ላይ ተሰባበረ። አቶ አሕመድ ወደ ውስጥ ሊገቡ ሲዞሩ ትከሻቸው ላይ አሳረፈባቸው፤ በጉልበታቸው ወደቁ። ሊገላግል የገባ አንድ ጎልማሳ ልብስ ሰፊ ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ አለ።

"የወንድሜን ዕድሜ ነው የበላህ" ይላል ደምሴ። አይጮህም፤ ድምፁ ተዘግቷል። "ከእኔ ሆድ የወጣውን ነው የበላህ። መልስ።"

"አልካድኩም" አሉ አቶ አሕመድ መሬት ላይ እንዳሉ። "የፈለግኸውን አድርግ።"

ፌሮው ከፍ አለ። ገሊላ መቼና እንዴት እንደገባች አታስታውስም። አቶ አሕመድን ከኋላዋ አድርጋ ቆማ ነበር፤ ግራ ክንዷን ወደ ላይ አንስታለች። ደምሴ አይቷታል፤ እጁን ግን አልመለሰውም።

ክንዷ ሲሰበር ድምፁን መንገዱ ሁሉ ሰማው።

አልወደቀችም። ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ደምሴን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ "የነገርኩህ እኔ ነኝ" አለችው። "ሳላጣራ የነገርኩህ እኔ ነኝ። መምታት ከፈለግህ የሚመታው እዚህ ነው ያለው።"

ፌሮው ከደምሴ እጅ ወደቀ። ሰዎች ከኋላ ዘለው ሲይዙት፣ ሲረግጡት፣ አቶ አሕመድ "ተዉት፣ ተዉት" ሲሉ፣ ፖሊሶች ደርሰው ሲያስሩት አልታገለም። ገሊላ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተቀመጠች። ያን ጊዜ ሕመሙ መጣ። ከሕመሙ ሥር ግን ከትናንት ጀምሮ ደረቷን ጠርንፎ የያዘው ነገር ሲላላ ተሰማት።

*

አቶ ጌታቸው በልጃቸው ክንድ ላይ ጄሶው ገና ሳይደርቅ ክስ ጻፉ። "ቃልሽን ትሰጫለሽ" አሏት። "ያ ሰው ይታሰራል። ያንን ቀለም ቀቢ ወንድሙንም ዳግመኛ አታይውም።"

"ቃሌን እሰጣለሁ አባባ" አለች ገሊላ። "ሁለተኛውን ግን አልችልም።"

አባቷ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ችሎት ላይ ተቀምጠው የሚያመነታ ሰው ድምፅ ለይተው ያውቃሉ። የልጃቸው ድምፅ አላመነታም።

ለዶክተር መቅደስም ራሷ ነገረቻት፤ ሻይ ቤቱን፣ ደብዳቤውን፣ ስልኩን፣ የአቶ አሕመድን ክኒኖች። ዶክተር መቅደስ እስኪያልቅ ሰማቻት። "ከጥናቱ ወጥተሻል" አለቻት። "እሱም ወጥቷል፤ መድኃኒቱን ግን ከሆስፒታሉ ያገኛል። ለአቶ አሕመድም ዛሬውኑ በአውሮፕላን አስመጣለሁ። ሰው መድኃኒት አጥቶ ሲሰለፍ እያየን፣ እኛ ሳጥን ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ስንቆጥር ነበር። ይህንን በጥናቱ ውጤት ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ክንድሽ ሲድን ሌላ ክፍል እፈልግልሻለሁ" አለች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ገሊላ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጠች። የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ ስለ ፌሮውም፣ ስለ ስልኩም። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ልትወጣ ስትል ደምሴን ከእስር ክፍሉ ሲያመጡት ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ። እጁ በካቴና ታስሯል፤ በአንድ እግሩ እያነከሰ ነው። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

"ሲስተር" አለ። "ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ አፍም የለኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሽንት ወጣለት?"

"ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ" አለች። "ትንሽ ነው። ግን ወጥቷል።"

ያ ግዙፍ ሰው በካቴና የታሰሩ እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ፣ ፖሊሶቹ መሀል፣ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። ገሊላ ይቅር ልትለው አልቻለችም። ልትጠላውም አልቻለችም። ሁለቱን ይዛ ወጣች።

*

ሀብተወልድ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። የተከደነው ዓይኑ ትንሽ ተከፍቷል። ጄሶውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"አቶ አሕመድ መጥተው ነገሩኝ" አለ። ከንፈሩ ስለተሰፋ ቀስ እያለ ነው የሚናገረው። "ቃልሽን ሰጠሽ?"

"ሰጠሁ። ይፈረድበታል፣ ሀብቴ።"

"ይፈረድበት። ልክ ነው ያደረግሽው።" ዓይኑን ጄሶው ላይ አሳረፈ። "አባቴ እሱ ነው። ያንቺን እጅ የሰበረውም እሱ ነው። ሁለቱን የት እንደማደርጋቸው አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም።" ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። "ስለ ስልኩ ይቅር በለኝ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ስለዋሸኸኝ ልጎዳህም ፈልጌ ነበር። ይህን ሳታውቅ ይቅር እንድትለኝ አልፈልግም።"

ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ይላል። ሀብተወልድ መርፌ የሌለበትን እጁን አልጋው ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። እስከዚያ ቀን ከጓንት ውጭ ነክታው አታውቅም ነበር። ጤነኛ እጇን አስቀመጠችበት።

"ኩላሊቷ እንደ ድሮዋ አትሆንም ብለውኛል" አለ። "አምስት ዓመት፣ ምናልባት ከዚያም ያነሰ። እወቂው።"

"እሱን አልጠየቅሁህም።"

"ምንድነው የምትጠይቂኝ?"

"ከእንግዲህ ትዋሸኛለህ?"

"አልዋሽሽም።"

"ሰው ለማትረፍ ቢሆንስ?"

ዓይኑን አልመለሰም። አሰበበት። "እሱን ቃል አልገባልሽም" አለ።

ገሊላ እጇን ልትነጥቀው ፈለገች። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ነገም የራሱን ዕድሜ ቆርሶ ለሌላ ሊሰጥ፣ እሷንም በባዶ ቤት ሊያስቀራት እንደሚችል ገባት። ግንባሯን እጁ ላይ ደፍታ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። እጇን ግን አላላቀቀችም። ምን ያህል እንደተናደደችበትና ምን ያህል እንደምትወደው መለየት አቅቷት፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አጥብቃ ያዘቻቸው።